የተደበቀው ሚዛን፦ የሠራተኛ ሐቅ ከባግዳድ ገበያ እስከ ኢንተርኔት መደብር



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። ውድ የፕሮግራማችን ተከታታዮች! የዛሬው ርእሳችን ገበያ ነው። የምንነጋገረው ግን በእግራችን ሄደን ስለምንገበይበት ገበያ አይደለም። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ስለሚገዛበት፣ ሻጩን ስለማያይበት፣ ዕቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ ያሸገለትን ሠራተኛ በስምም በመልክም ስለማያውቅበት ገበያ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በአሜሪካ በሚኒሶታ መጋዘኖች ውስጥ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ይሠራሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ልጁን፣ እህቱን ወይም ጎረቤቱን ያልላከ የሙስሊም ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ «የእነዚህ ታላላቅ የኢንተርኔት ነጋዴዎች ሠራተኞች ሐቅ ማን ይጠብቀዋል? ነጋዴዎቹንስ ማን ይጠይቃቸዋል?» የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከታሪክ እንነሣ። ከሒጅራው ዘመን ጋር ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ የተማረ ሁሉ በመዲና ገበያ የሆነውን ያስታውሳል። በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም እርጥቡን ገዢው በሚያየው በኩል ማድረግ እንደነበረበት ነግረው አታላይነትን አጥብቀው አወገዙ። ልብ በሉ! ከላይ በሚታየው ደረቅ እህል አልፈረዱም። ዓይን ወደማይደርስበት እጃቸውን ሰደዱ። የገበያ ቁጥጥር መሠረቱ ይህ ነው።

ይህ ተግባር ከጊዜ በኋላ ሒስባ የሚባል የታወቀ ሥርዓት ሆነ። ሥራውን የሚያከናውነው ሹም ሙህተሲብ ይባላል። በ450 ዓመተ ሒጅራ (1058) ባግዳድ ውስጥ ያረፉት ታላቁ ፈቂህ አል-ማወርዲ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት በታወቀው መጽሐፋቸው የሙህተሲብን ሥራ በዝርዝር አስፍረዋል። ብዙዎቻችን ሙህተሲብ ሲባል የሚታወሰን ሚዛንና ስፍር የሚመረምር ሰው ብቻ ነው። አል-ማወርዲ ግን ከዚያ አልፈው ይሄዳሉ። አሠሪ የቀጠረውን ሰው ደሞዙን ቀንሶበት ወይም ከተስማሙት በላይ ሥራ ጨምሮበት ቢበድለው፣ ሙህተሲቡ ጣልቃ ገብቶ በደሉን እንዲያቆም ያደርገዋል። ሠራተኛውም ሥራውን አጓድሎ ወይም ከውሉ በላይ ደሞዝ ጠይቆ ከሆነ እንዲሁ ይከለከላል። ባሪያን ከአቅሙ በላይ ማሠራት፣ የጭነት እንስሳን ከሚችለው በላይ ማሸከም፣ መርከብን ከልኩ በላይ መጫን፣ እነዚህም ሙህተሲቡ ከሚከለክላቸው ነገሮች ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ለፈቂሁ ደሞዝ መቀነስና ሥራ መጨመር የአንድ ዙልም ሁለት ፊቶች ናቸው። ደሞዙን ሳይነካ ሥራውን በእጥፍ የጨመረ አሠሪ፣ ሥራውን ሳይነካ ደሞዙን በግማሽ ከቀነሰው የሚለይበት ነገር የለም። በሱረቱል ሙጠፊፊን ስፍርን ለሚያጓድሉ የመጣው ብርቱ ማስጠንቀቂያ በእህልና በጨርቅ ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስለን። የሰው ጉልበትም ይሰፈራል፤ የሚሰፍረውም ሰው ይጠየቃል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዛሬ ዓለምን ያዳረሰው የኢንተርኔት ንግድ አያቱ የፖስታ ንግድ ነው፤ እርሱም የገነነው እዚያ ነው። ሲርስ ሮባክ የተባለው የቺካጎ ድርጅት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወፍራም የዕቃ ካታሎግ እያሳተመ በገጠር ለሚኖር ገበሬ ሁሉ ይልክ ነበር። ገበሬው ከካታሎጉ መርጦ ገንዘቡን በፖስታ ይልካል፤ ዕቃው በባቡር ይደርሰዋል። ድርጅቱ በ1906 በቺካጎ ምዕራባዊ ክፍል ግዙፍ መጋዘን ከፈተ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሩብ ሰዓት ቀጠሮ ይቆረጥለታል፤ የየክፍሉ ሠራተኛ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ዕቃውን ማድረስ ነበረበት። ገበሬው ግን የሚያየው ካታሎጉንና የደረሰውን ዕቃ ብቻ ነው። በመካከል የምትሮጠውን ወጣት ሴት አያያትም።

በ1913 የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት ኮሚቴ የድርጅቱን ፕሬዚዳንት ጁልየስ ሮዘንዋልድን ጠርቶ ስለ ሴት ሠራተኞቹ አነስተኛ ደሞዝና ስለ ድርጅቱ ከፍተኛ ትርፍ በአደባባይ ጠየቀው። ሮዘንዋልድ ክፉ ሰው ተብሎ የሚታወስ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ትምህርት ለተነፈጉ ጥቁር ሕፃናት ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ገንዘቡን የሰጠ ሰው ነው። ነገር ግን ኮሚቴው የጠየቀው ስለ ልግስናው ሳይሆን ስለ ደሞዙ ነበር። ልክ ነው! ሰደቃ ትልቅ ነገር ነው፤ የሠራተኛን ሐቅ ግን አይተካም። ሐቅ ዕዳ ነው። ሰደቃ የሚሰጠው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን በኒውዮርክ የሆነው ደግሞ እጅግ የከፋ ነበር። መጋቢት 25 ቀን 1911 ትራያንግል በተባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድና የጣሊያን ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። ሠራተኞቹ ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ በአንድ በር ብቻ እየወጡ ቦርሳቸው ይፈተሽ ነበርና። ባለቤቶቹ ተከሰው በነፃ ተለቀቁ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። የኒውዮርክ ግዛት አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ፋብሪካዎችን አስመረመረ፤ ከዚያም ስለ እሳት መከላከያ፣ ስለ መውጫ በሮችና ስለ ሥራ ሰዓት ብዙ ሕጎች ወጡ።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1899፣ በፍሎረንስ ኬሊ የሚመራ ብሔራዊ የሸማቾች ማኅበር በአሜሪካ ተቋቁሞ ነበር። ኬሊ ከዚያ በፊት የኢሊኖይ ግዛት ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበረች። ማኅበሩ ፋብሪካዎችን እየመረመረ፣ የግዛቱን ሕግ ያከበሩና ሕፃናትን የማያሠሩ ሆነው ሲያገኛቸው ምርታቸው ላይ ነጭ ምልክት እንዲለጥፉ ይፈቅድላቸው ነበር። ገዢው ምልክቱን አይቶ ይገዛል። ይህ ሥራ ከእህሉ ክምር ውስጥ እጅን እንደ ማስገባት ነው። ገዢው ራሱ ፋብሪካው ውስጥ መግባት ስለማይችል የገባ ሰው ይመሰክርለታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዘመናችን እንምጣ። አማዞን የተባለው ድርጅት በ1994 በጄፍ ቤዞስ ተመሥርቶ በ1995 መጽሐፍ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። ዛሬ የማይሸጠው ነገር የለም፤ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች አሉት። በዓለም ላይ ሌሎች ታላላቅ የኢንተርኔት ነጋዴዎችም አሉ። አማዞንን ለምሳሌ የምንወስደው ስለ እርሱ በፍርድ ቤት፣ በምክር ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተመዘገበው ብዙ ስለሆነ ነው።

በ2011 በፔንስልቬንያ ግዛት የሚታተም አንድ ጋዜጣ፣ በበጋው ሙቀት የአማዞን መጋዘን ሠራተኞች እየወደቁ እንደነበር፣ የታመሙትን የሚያነሡ አምቡላንሶችም ከመጋዘኑ ውጭ ቆመው ይጠብቁ እንደነበር ጻፈ። ነገሩ ይፋ ከወጣ በኋላ ድርጅቱ 52 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በመጋዘኖቹ ማቀዝቀዣ ማስገባቱን በ2012 አስታወቀ። ገንዘቡ የመጣው ሙቀቱ ስለጨመረ አይደለም፤ ሙቀቱ ስለታየ ነው።

በኔቫዳ ግዛት ደግሞ በአማዞን መጋዘኖች በኤጀንሲ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ለፍተሻ እስከ 25 ደቂቃ ተሰልፈው እንደሚቆዩና ለዚህ ጊዜ እንደማይከፈላቸው ገልጸው ከሰሱ። በታኅሣሥ 2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ክፍያ አይገባቸውም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በዚያ ግዛት ሕግ የፍተሻ ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው ብሎ ፈረደ። የትራያንግል ሴቶችም በር ላይ ይፈተሹ እንደነበር አስታውሱ። መቶ ዓመት አልፎም ክርክሩ ያው ነው። የሠራተኛው ጊዜ የማን ነው?

ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ ነው። በእነዚህ መጋዘኖች ሠራተኛው ባርኮድ የሚያነብ መሣሪያ ይይዛል። መሣሪያው ዕቃ የሚያወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚቆጠርበትም ነው። በሰዓት ስንት ዕቃ እንዳነሣ፣ ስንት ደቂቃ እጁ ሥራ እንደፈታ ይመዘግባል። በ2019 ይፋ በሆነ ሰነድ መሠረት በባልቲሞር ከተማ ከሚገኝ አንድ መጋዘን ብቻ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 300 ያህል ሰዎች በቂ ፍጥነት አላሳያችሁም ተብለው ተባርረዋል። ማስጠንቀቂያውንም ሆነ የስንብት ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ኮምፒዩተሩ ነበር። ድርጅቱ በበኩሉ አለቆች የኮምፒዩተሩን ውሳኔ መሻር እንደሚችሉ ተናግሯል።

እንግዲህ ሚኒሶታ ላይ እንድረስ። ከሚኒያፖሊስ ከተማ አጠገብ ሻኮፒ በሚባል ቦታ አማዞን በ2016 መጋዘን ከፈተ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሶማሊያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞች ናቸው። ሶላት በወቅቱ የሚሰገድ ነው፤ ረመዳንም በበጋው ረጅም ቀን ሲውል ለጾመኛ ጉልበት ከባድ ነው። ሠራተኞቹ ማንም ሶላት አትስገዱ አላላቸውም። ድርጅቱ ከ20 ደቂቃ ያነሰ የሶላት እረፍት ደሞዙ እንደማይቆረጥበት ተናግሯል። ሠራተኞቹ የሚሉት ሌላ ነው። ሰግደው ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቃቸዋል። መስገድም መጸዳጃ ቤት መሄድም አልተከለከለም፤ ነገር ግን ሰግዶ የተመለሰ ሰው ለማካካስ መሮጥ አለበት፤ ካልሮጠ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። በሩን ክፍት አድርጎ ደፉን ከፍ እንደ ማድረግ ነው።

እነዚህ ወንድሞችና እህቶች በ2017 በተመሠረተው አዎድ በተባለ የሠራተኞች ማዕከል ተሰባሰቡ። አዎድ በሶማሊኛ ኃይል፣ አቅም ማለት ነው። በ2018 የድርጅቱ ኃላፊዎች ከእነርሱ ጋር ለመነጋገር ተቀመጡ። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ አማዞንን ወደ ጠረጴዛ ያመጣ ሌላ የሠራተኛ ቡድን አይታወቅም ነበር። ድርጅቱ በፍጥነት ጉድለት ሠራተኛ ሲሰናበት ሶማሊኛ የሚናገር አለቃም እንዲስማማበት፣ ለአቤቱታ በአምስት ቀን መልስ እንዲሰጥ፣ በየሦስት ወሩም እንዲገናኙ ሐሳብ አቀረበ። ሠራተኞቹ ግን ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም የፍጥነቱ ልክ፣ አልተነካም አሉ። በታኅሣሥ 2018 በብርድ ውስጥ ሰልፍ ወጡ። በሐምሌ 2019 ድርጅቱ ታላቅ የቅናሽ ሽያጭ በሚያደርግበት ቀን ሥራ አቆሙ።

ብዙ ሳይሆኑ፣ እንግሊዝኛቸው ሳይሟላ፣ ሀብት ሳይኖራቸው ያደረጉት ይህ ነው። ውጤቱስ? በግንቦት 2023 የሚኒሶታ ገዥ ቲም ዋልዝ ስለ መጋዘን ሠራተኞች የወጣውን ሕግ ፈረሙ። በሕጉ መሠረት ትልቅ መጋዘን ያለው አሠሪ ከሠራተኛው የሚጠብቀውን ኮታ በጽሑፍ፣ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ ሊያሳውቀው ይገባል። ኮታው ሠራተኛውን ምግብ ከመብላት፣ ከማረፍ፣ መጸዳጃ ቤት ከመሄድና ከመስገድ የሚያግድ ሊሆን አይችልም። አዎን፣ የሶላት ጊዜ በሕጉ ውስጥ ተጠቅሷል። ሠራተኛው የራሱን የፍጥነት መዝገብ የመጠየቅ መብትም አለው።

ካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ሕግ በ2021፣ ኒውዮርክ ደግሞ በ2022 አውጥተዋል። በ2024 የካሊፎርኒያ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነር ሁለት የአማዞን መጋዘኖች ኮታውን ለሠራተኞቻቸው በጽሑፍ አላሳወቁም በማለት 5.9 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወሰነ። ድርጅቱ ቋሚ ኮታ የለኝም፣ የሠራተኛው ሥራ የሚመዘነው በረጅም ጊዜና ከቡድኑ ጋር ተነጻጽሮ ነው በማለት ተቃወመ።

ውድ ተከታታዮቻችን! እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የእነዚህ ሕጎች ፍሬ ነገር ምንድን ነው? «ሚዛኑን ለሚመዘነው አሳየው» ነው። በገበያ ሚዛኑን ከጨርቅ ሥር ደብቆ የሚመዝን ነጋዴ ካየን፣ ሳንመረምር እንኳ እንጠረጥረዋለን። ሠራተኛን በማያውቀው ቁጥር መዝኖ ጎደልክ ብሎ ማባረርም እንደዚያው ነው። ምናልባት ቁጥሩ ልክ ይሆናል። ግን ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሲታይ ነው።

የተደበቀ ሚዛን ጉዳቱ በአካል ጭምር ነው። በታኅሣሥ 2024 በሴናተር በርኒ ሳንደርስ የሚመራው የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት፣ ድርጅቱ ራሱ በ2020 ያስጀመረው የውስጥ ጥናት በሥራ ፍጥነትና በጉዳት መካከል ግንኙነት እንዳገኘ፣ ፍጥነቱን ለማርገብ የቀረበው ምክር ግን ተቀባይነት እንዳላገኘ ገልጿል። ድርጅቱ ሪፖርቱ የተሳሳተና ያረጀ መረጃ የያዘ ነው፣ የጉዳት መጠኑም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው ብሏል። እኛ ሁለቱንም ቃል እናስቀምጣለን። የሰው ጀርባና ጉልበት ሲጎዳ ግን በኋላ የሚመጣ ካሳ እንደ ቀድሞው አያደርገውም።

አሁን ደግሞ ይበልጥ ወደሚነካን ቦታ፣ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ እንሂድ። አማዞን በ2017 ሱቅ ዶት ኮም የተባለውን የዐረቡን ዓለም የኢንተርኔት መደብር ገዝቶ፣ በ2020 በሳዑዲ በራሱ ስም መሥራት ጀመረ። በጥቅምት 2023 አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሪያድና በጅዳ መጋዘኖች የሠሩ 22 ኔፓላውያንን ቃል ይዞ ሪፖርት አወጣ። ብዙዎቹ በአገራቸው ለደላላ በአማካይ 1,500 ዶላር ገደማ ከፍለዋል፤ ለዚያም ተበድረዋል። የሚቀጥራቸው አማዞን ራሱ መስሏቸው ነበር። ሲደርሱ ግን አሠሪያቸው የሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ሆኖ ተገኘ። በተጨናነቀና በቆሸሸ ቤት እንዲኖሩ ተደረገ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ያለ ደሞዝ ተቀምጠው፣ ዕዳው በአገር ቤት እየጠበቃቸው ቀሩ። ይህ ታሪክ ለእኛ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ኔፓል የሚለውን ስም አንሥተን የራሳችንን ወረዳ ስም ብናስገባበት የሚለወጥ ነገር ምን ይኖራል?

ይህ ነገር በይፋ ከወጣ በኋላ አማዞን ጉዳዩን አስመርምሮ በየካቲት 2024 ከ700 ለሚበልጡ ስደተኛ ሠራተኞች የደላላ ክፍያቸውን 1.9 ሚሊዮን ዶላር መመለሱን አስታወቀ። ይህ መልካም ነው፤ መልካም ስንል ግን አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ገንዘቡ የተመለሰው ሰዎቹ ስማቸውና ሥራቸው አደጋ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል እያወቁ ስለተናገሩ ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ የቪዛና የጉዞ ወጪ የአሠሪው መሆኑን ደንግጓል። ሕጉን የማያውቅ ቤተሰብ ግን ከብት ሸጦ ለደላላ ይከፍላል። ያልታወቀ መብትም እንደተደበቀ ሚዛን ነው።

ሚዛኑ ከመጋዘኑም ርቆ፣ ከዕቃው ጥሬ ዕቃ ጀምሮ ሊደበቅ ይችላል። በቻይና ዢንጂያንግ ክልል በኡይጉር ሙስሊሞች ላይ የግዳጅ ሥራ አለ በሚል በታኅሣሥ 2021 በአሜሪካ ሕግ ወጣ። ሕጉ ከዚያ ክልል የመጣን ዕቃ ሁሉ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፣ የግዳጅ ሥራ ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። የቻይና መንግሥት ክሱን ያስተባብላል። ነገር ግን በኢንተርኔት የተሸጡ፣ ዋጋቸው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ትንንሽ ጥቅሎች ለዓመታት ያለ ቀረጥና ያለ ብዙ ፍተሻ ይገቡ ነበር። ይህ በር ከቻይና ለሚመጡ ጥቅሎች የተዘጋው በግንቦት 2025 ነው። በጥር 2025 ደግሞ ሺን የተባለው የኢንተርኔት ልብስ ነጋዴ ተወካይ በእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ልብሶቹ ውስጥ የቻይና ጥጥ አለ ወይ ተብለው ደጋግመው ቢጠየቁም ለመመለስ አልፈለጉም። ኮሚቴው አልረካም። እርጥቡን ከታች ያደረገ ባለ እህል እንኳ ለምን እንደረጠበ ሲጠየቅ መልስ ሰጥቶ ነበር።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ይላል፦ «እነዚህ ድርጅቶች ባይኖሩ እነዚያ ሰዎች ሥራ አያገኙም ነበር፤ ዋጋውም ለድሃ ገዢ ቀንሷል።» ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። አማዞን በ2018 በአሜሪካ ዝቅተኛውን ደሞዝ በሰዓት 15 ዶላር ማድረጉ እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ከእጥፍ በላይ ነበር። ርካሽ ዕቃም ለድሃ ቤተሰብ እፎይታ ነው። ነገር ግን አል-ማወርዲ ያስተማሩንን እንመልሰው። ደሞዝ ጨምሮ ሥራውን ከአቅም በላይ ያደረገ፣ ያንን የሰጠውን በሌላው እጁ መልሶ ወስዷል። ዋጋውም የረከሰው ሌላ ሰው ልዩነቱን በጀርባው ስለከፈለ ከሆነ፣ ርካሽ አይደለም፤ ዕዳው ወደ ሌላ ተዛውሯል እንጂ።

ሌላው ደግሞ «እኛ ምን ልናደርግ እንችላለን? ሩቅ ነን፣ ትንሽ ነን» ይላል። የሻኮፒ ሠራተኞችም በአንድ ግዙፍ ድርጅት ፊት ትንሽ ነበሩ። የፍሎረንስ ኬሊ ማኅበር አባላትም ያኔ በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች የመምረጥ መብት ያልነበራቸው ሴቶች ነበሩ። በታሪክ የምናየው ይህን ነው። በመጀመሪያ ተበዳዩ ይናገራል፤ ከዚያ ገዢው ይሰማል፤ በመጨረሻ ሕጉ ሚዛኑን ያወጣዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ይቀራል። ትራያንግል ላይ ሴቶቹ ከእሳቱ ሁለት ዓመት በፊት በ1909 አድማ መትተው ነበር፤ በሚገባ የሰማቸው ግን ከሞቱ በኋላ ነው።

ስለዚህ በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምትሠሩበት አገር ሕግ የሰጣችሁን መብት ዕወቁ። ኮታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጉዳት ሲደርስባችሁ አስመዝግቡ፤ ለባልደረባችሁም ምስክር ሁኑ። በኢንተርኔት የምትገዙ ደግሞ ስለ ዋጋው ስትጠይቁ ስለ ሠራተኛውም ጠይቁ። ልጅ ወደ ባሕረ ሰላጤ ልትልኩ የምታስቡ ወላጆች ሆይ! የኤጀንሲውን ፈቃድ፣ የውሉን ቋንቋ፣ የአሠሪውን ትክክለኛ ስም ሳታጣሩ ገንዘብ አትስጡ።

በየቤታችንም ሚዛን አለ። የቤት ሠራተኛችን የሥራ ሰዓቷ መቼ እንደሚያልቅ ታውቃለች ወይ? የዕረፍት ቀኗ የትኛው እንደሆነ ተነግሯታል ወይ? ዕቃ በሞተር ሳይክል የሚያደርስልን ወጣት ስንዘገይበት የሚቆጠረው የማን ሰዓት ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደሞዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሠራተኛን አሠርቶ ደሞዙን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ተከራካሪው አላህ ራሱ እንደሚሆንም ተነግሮናል። በዚያ ቀን ደግሞ ከጨርቅ ሥር የሚደበቅ ሚዛን የለም።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቅን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። በሰው አገር የሚደክሙትን ይጠብቅልን፤ ለተበደሉት ፍርድን ያቅርብላቸው፤ የሚበድሉትንም ልብ ይስጣቸው። ኣሚን።